ከጅማ ወደ ካሉብ፦ በጋዝ መስክ አገልግሎት ለመሰማራት የትኛው መንገድ ይሻላል?

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ፤ የሁለተኛው ምዕራፍ ሥራም በዚያው ዕለት ተበሠረ። የመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር፣ ሁለተኛው ደግሞ 1.33 ቢሊዮን ሊትር ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ እንዲያመርት የታቀደ ነው። በጎዴ የድፍድፍ ነዳጅ ማጣሪያና የዳንጎቴ የማዳበሪያ ፋብሪካም ይገነባሉ። እንዲህ ያለ መስክ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፋሪዎችን ብቻ አይፈልግም። ብየዳ፣ የጀነሬተርና የፓምፕ ጥገና፣ የሎቤድና የክሬን አገልግሎት፣ የካምፕ ግንባታ፣ የውኃ አቅርቦት፣ ምግብና መኝታ ያለማቋረጥ ያስፈልጉታል። እነዚህን ሥራዎች ለቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች፣ ለመንገድ ተቋራጮችና ለውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ ሲሠሩ የቆዩ ድርጅቶች በጅማ አሉ፤ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቂጦ ፉርዲሳ ግቢም በየዓመቱ መሐንዲሶች ይመረቃሉ። ይህ መመሪያ የተጻፈው ወደዚያ ለመሄድ ለሚያስቡ ለእነዚህ ድርጅቶች ሲሆን፣ ያሉትን መንገዶች እያነጻጸረ የትኛው ለየትኛው ዐቅም እንደሚስማማ ያሳያል።

አስቀድሞ ግን ገበያው ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምርጫው ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ነውና። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የፔትሮሊየም ሥራን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 295/1978ም ፍለጋና ልማት የሚካሄደው ከመንግሥት ጋር በሚደረግ ስምምነት መሆኑን ይደነግጋል። በተግባር ሲታይ በመስኩ ላይ ያለው ፈቃድ ሰጪ አንድ ነው፣ አልሚው አንድ ነው፣ ስለዚህም የአገልግሎት ገዢው አንድ ነው ማለት ይቻላል። በሌላ ገበያ አንዱ ደንበኛ ክፍያ ቢያዘገይ መሣሪያን ጭኖ ወደ ሌላው መሄድ ይቻላል፤ በካሉብ ግን ሌላ ደንበኛ የለም፣ መሣሪያውን መልሶ ለማውጣት የሚፈጀውም ወጪ ከባድ ነው።

አልሚውም ቢሆን ሁልጊዜ ያው አልነበረም። የካሉብን ጋዝ በ1960ዎቹ አጋማሽ ያገኘው ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። በደርግ ዘመን የሶቪየት ባለሙያዎች ተጨማሪ ጉድጓዶችን ቆፈሩ። ከዚያ በኋላ የማሌዥያው ፔትሮናስ መጥቶ ሄደ፤ ፔትሮትራንስ ተተካ፣ ውሉ ተሰረዘ፤ ቀጥሎ የገባው የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ሰኔ 21 ቀን 2010 ዓ.ም. የሙከራ ድፍድፍ ነዳጅ ማውጣት መጀመሩ በይፋ ከተነገረ በኋላ የእርሱም ውል ተቋረጠ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በዘለቀው በዚህ ታሪክ ውስጥ ጋዙ ያለበት ቦታ አልተለወጠም፤ የተለዋወጡት ውሎቹ ናቸው። ስለዚህ ማንኛውም አገልግሎት ሰጪ ውል ሲፈርም፣ አሠሪው ሥራው ሳያልቅ ሊለወጥ ይችላል ብሎ አስቦ መፈረም ይኖርበታል።

ወደ ካሉብ ከመሄድ ይልቅ ቀረብ ያለ መስክ መፈለግ አይሻልም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጋምቤላ ለጅማ ይቀርባል፤ ሆኖም ፔትሮናስ እዚያ ቆፍሮ ውጤት ሳያገኝ ወጥቷል። በጅማ ዞን ያለው የደልቢ ሞዬ ተፋሰስም የድንጋይ ከሰልና የዘይት ሼል (ዘይት ሊወጣው የሚችል ድንጋይ) ያለበት እንጂ የጋዝ ጉድጓድ የሚቆፈርበት አይደለም። ዛሬ ሥራ ያለው በደቡብ ምሥራቅ ነው።

ዋና ተቋራጭ ሆኖ በቀጥታ መወዳደር

የመጀመሪያው መንገድ ከአልሚው ወይም ከመንግሥት አካል ጋር በቀጥታ መዋዋል ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በመካከል ኮሚሽን የሚወስድ የለም፣ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ለወደፊቱ የሚጠቅም የሥራ ልምድ ማስረጃም በራስ ስም ይያዛል። ሸክሙ ግን ከባድ ነው። የጨረታ ማስከበሪያ ይጠየቃል፣ ሲያሸንፉ ብዙውን ጊዜ የውሉን ዋጋ 10 በመቶ የሚያህል የውል ማስከበሪያ ዋስትና ይያዛል፣ የቅድሚያ ክፍያ ሲወሰድም ለዚያ ሌላ ዋስትና ይጨመራል። ባንኩ እነዚህን ዋስትናዎች የሚሰጠው ቤትና ንብረት አስይዞ ነው። በጅማ ያለ መካከለኛ ድርጅት አንድ እንዲህ ያለ ውል ሲይዝ የመበደር ዐቅሙ በሙሉ በዚያ ይታሰራል ማለት ነው።

ከዚህም በላይ ወደ ጉድጓዱ ራሱ የሚገቡት ሥራዎች፣ ማለትም ሲሚንቶ ማስገባት፣ በሽቦ የሚወርድ የልኬት መሣሪያ፣ የጉድጓድ ሙከራና የግፊት መቆጣጠሪያ፣ ኤስኤልቢን፣ ሃሊበርተንንና ቤከር ሂዩዝን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ወይም የቻይና ተቋራጮች የሚይዟቸው ናቸው። ባለሙያው በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ የጉድጓድ ቁጥጥር ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ መሣሪያውም በየጊዜው በተፈቀደለት ተቋም ተፈትሾ ማረጋገጫ ማግኘት አለበት። የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ ልምድ ለዚህ በቂ አይደለም። የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር የሚያስቸግረው ውኃ ማጣት ነው፤ በጋዝ ጉድጓድ ግን አንዲት የግፊት ስህተት ሰው ትገድላለች። በዚህ ጉዳይ ላይ ማንም እንዲደፍር አልመክርም። በቀጥታ መወዳደር የሚገባው ለካምፕ ግንባታ፣ ለውኃ አቅርቦትና ለመዳረሻ መንገድ ሥራ ነው፤ እርሱም ሁለትና ከዚያ በላይ ወራት ሳይከፈለው መቆየት ለሚችል ድርጅት።

ንዑስ ተቋራጭ መሆን

ለአብዛኞቹ የጅማ ድርጅቶች የተሻለው መንገድ ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህም ረዘም አድርጌ አየዋለሁ። ዋናው ተቋራጭ ዋስትናውን፣ የውጭ ምንዛሪውንና ከመንግሥት ጋር ያለውን ጉዳይ ይሸከማል፤ ንዑስ ተቋራጩ ደግሞ የሚያውቀውን ሥራ ብቻ ይሠራል። ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ስጋቱም እንዲሁ። ነገር ግን የዚህ መንገድ መልካምነት ሙሉ በሙሉ የሚወሰነው በውሉ ውስጥ ባሉ ሁለት አንቀጾች ነው። አንደኛው ስለ መጠባበቂያ ክፍያ፣ በተለምዶ ስታንድባይ ስለሚባለው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዋናው ተቋራጭ ለእርስዎ የሚከፍለው መቼ እንደሆነ የሚናገረው ነው።

ከስታንድባይ እንጀምር። በሩቅ መስክ ላይ መሣሪያ የሚቆምበት ምክንያት ብዙ ነው። ሪጉ፣ ማለትም የቁፋሮ ማሽኑ፣ አልደረሰም፣ ፈቃድ አልተፈረመም፣ ዝናብ መንገዱን ቆረጠ፣ ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ላይ ዘገየ። ሠራተኛው ግን ደመወዝ፣ ምግብና መኝታ ይፈልጋል፤ የባንክ ወለድም አይቆምም። በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ድርጅት ከነሠራተኛው ለሚያከራየው ክሬን የቀን ቋሚ ወጪው 35,000 ብር ነው እንበል። የመጀመሪያው ውል በሥራ ቀን 60,000 ብር ይከፍላል፣ ለቆመበት ቀን ግን ምንም አይከፍልም። ሁለተኛው ውል በሥራ ቀን 52,000 ብር ብቻ ይከፍላል፣ ለቆመበት ቀን ግን የዚህን 60 በመቶ፣ ማለትም 31,200 ብር ይከፍላል። በ30 ቀናት ውስጥ 12ቱን ቢቆም፣ የመጀመሪያው ውል 1,080,000 ብር ያስገባል፤ ወጪው 1,050,000 ብር ስለሆነ የሚተርፈው 30,000 ብር ነው። ሁለተኛው 936,000 ብር ለሥራ፣ 374,400 ብር ለመጠባበቂያ፣ በድምሩ 1,310,400 ብር ያስገባና 260,400 ብር ያተርፋል። በወረቀት ላይ ትልቅ የሚመስለው 60,000 ብር በሩቅ መስክ ላይ ትንሹ ዋጋ ይሆናል። አሠሪው የቀን ዋጋ እንዲቀነስ ሲጠይቅ መልሱ «እንቀንሳለን፣ ነገር ግን ስታንድባይ ይግባ» መሆን ይኖርበታል።

ስታንድባይ በውሉ ውስጥ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ በዕለታዊው መዝገብ ላይ መረጋገጥ አለበት። ብዙ ድርጅቶች ገንዘባቸውን የሚያጡት ፍርድ ቤት አይደለም፣ በታይም ሺት ላይ ነው። ኦፕሬተሩ በአንድ መስመር «ሥራ የለም» ብሎ ከጻፈ፣ ከሦስት ወር በኋላ ሒሳቡ ሲታይ ያ ቀን የማን ጥፋት እንደነበረ ማንም አያስታውስም፤ ክፍያውም ውድቅ ይሆናል። በትክክል የሚጻፈው «ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት በአሠሪው ምክንያት በመጠባበቅ ላይ፤ የሚነሣው ቧንቧ ቦታው ላይ አልቀረበም፤ ክሬኑ ለሥራ ዝግጁ ነው» ተብሎ ነው። ከዚያም የመስኩ ተቆጣጣሪ በዚያው ምሽት ይፈርምበታል፤ አንዱ ቅጂ በካምፑ ይቀራል፣ ሌላው በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ወደ ጅማ ይላካል። ተቆጣጣሪው አልፈርምም ካለ፣ አለመፈረሙ ራሱ በደብዳቤ ይገለጻል። ይህን የሚያውቅ አንድ ጠንቃቃ የሒሳብ ሠራተኛ ከሁለት ተጨማሪ ኦፕሬተሮች ይልቅ ይጠቅማል።

ሁለተኛው አንቀጽ «ለእኔ ሲከፈለኝ እከፍልሃለሁ» የሚለው ነው። ዋና ተቋራጮች ይህን ሁልጊዜ ሊያስገቡ ይሞክራሉ፤ ምክንያታቸውም ከላይ ያለው አካል ሲያዘገይባቸው እነርሱም ስለሚቸገሩ ነው። ሙሉ በሙሉ ማስወጣት ካልተቻለ ጣራ ይደረግበት። ዋናው ተቋራጭ ይከፈለው አይከፈለው፣ ደረሰኝ በቀረበ በተወሰነ ቀን ውስጥ፣ ለምሳሌ በ60 ቀን፣ ክፍያው ይፈጸማል የሚል ጣራ። ከዚህ ጋር የተጨማሪ እሴት ታክስን ማሰብ ያስፈልጋል። 15 በመቶው የሚታሰበው ደረሰኙ ሲቆረጥ ነው፤ ከላይ ባለው ምሳሌ 1,310,400 ብር ላይ 196,560 ብር ይሆናል። ገንዘቡ ሳይገባ ታክሱ ከኪስ እንዳይወጣ፣ ደረሰኝ የሚቆረጠው የክፍያ ምስክር ወረቀቱ ከጸደቀ በኋላ እንዲሆን በውሉ ላይ መስማማት ይበጃል።

ስለ ገንዘቡ ዓይነትም አንድ ነገር ልበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት በ57 ብር አካባቢ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር ቋሚ ዋጋ ተዋውሎ መለዋወጫውን ከውጭ የሚያስመጣ ድርጅት እንዲህ ያለውን ለውጥ መቋቋም አይችልም። ዋናው ተቋራጭ ከላይ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ከሆነ፣ የንዑስ ውሉ ዋጋ ቢያንስ የመለዋወጫው ድርሻ ከምንዛሪ ተመኑ ጋር አብሮ እንዲስተካከል መጠየቅ ተገቢ ነው። ከቻይና ተቋራጭ ጋር ሲዋዋሉ ደግሞ ውሉ በሁለት ቋንቋ የሚዘጋጅ ከሆነ፣ ልዩነት ቢፈጠር የትኛው ቋንቋ ገዢ እንደሚሆን ከመፈረም በፊት ይወሰን።

መሣሪያ ማከራየት

ሦስተኛው መንገድ መሣሪያውን ለሌላ ድርጅት አከራይቶ ከጅማ ሳይነሡ መቀመጥ ነው። ቀላል ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው እርሱ ነው። መሣሪያው ዓይን በማያየው ቦታ፣ በሌላ ሰው ኦፕሬተር እጅ፣ በአቧራና በሙቀት ውስጥ ይሠራል። ክፍያ ሲዘገይ መሣሪያውን ማስቆም የአከራዩ ብቸኛ ጉልበት ነው፤ ይህ ጉልበት በመንግሥት በሚመራ መስክ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ግን ከሌሎች አገሮች ታሪክ መማር ይቻላል።

በቬኔዝዌላ የመንግሥቱ ኩባንያ ፔዴቬሳ ለአገልግሎት ሰጪዎች የሚከፍለው ዕዳ ሲከማች፣ ሄልመሪክ ኤንድ ፔይን የተባለው የአሜሪካ የቁፋሮ ኩባንያ ክፍያ ስላልተፈጸመለት ሪጎቹን አቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 መንግሥት 11 ሪጎቹን ወረሰ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በማራካይቦ ሐይቅ ላይ የሚሠሩ በርካታ አገልግሎት ሰጪዎች ንብረት በተመሳሳይ መንገድ ተወስዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ሽሉምበርዤ፣ የዛሬው ኤስኤልቢ፣ በዚያው አገር ክፍያ ስላልተከፈለው ሥራውን እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ እርሱ ግን ዓለም አቀፍ ኩባንያ ስለሆነ መሣሪያውን ሌላ አገር ማሠራት ይችል ነበር። በቱርክሜኒስታን ደግሞ አስቸጋሪው ሌላ ነው። በየብስ ላይ ባሉት መስኮች የውጭ ኩባንያዎች የሚሠሩት በአብዛኛው በአገልግሎት ውል ሲሆን፣ የማናት ተመን ከእ.ኤ.አ. 2015 መጀመሪያ ጀምሮ በይፋ በ3.5 ለአንድ ዶላር ስለታሰረ፣ በአገሩ ገንዘብ የተከፈለው ሰው ገንዘቡን ወደ ዶላር ለመለወጥ ይቸገራል። እነዚህን ያነሣሁት በካሉብ ይህ ይደርሳል ለማለት አይደለም። ትልልቆቹ እንኳ ሥራ አቁሞ ማስገደድ ካቃታቸው፣ አንድ ክሬን ያለው አከራይ በዚህ ላይ ተማምኖ መሄድ እንደማይገባው ለማሳየት ነው።

ስለዚህ ለማከራየት የወሰነ ድርጅት የሚያስተማምነው መያዣ ቀድሞ በእጁ የገባ ገንዘብ ነው። የአንድ ወር ኪራይና የመሄጃ ብቻ ሳይሆን የመመለሻ ማጓጓዣ ወጪም አስቀድሞ ይቀመጥለት። መሣሪያው ሙሉ ዋስትና ያለው መድን ይግባለት፤ የመድኑ ፖሊሲም የሚሠራበትን ቦታ በስም መጥቀሱ ይረጋገጥ። ከሁሉ በላይ የራሱ ኦፕሬተር አብሮ ይሂድ። ዋጋው የሚጨምረው ትንሽ ነው፤ ሞተሩ ሳይቃጠል የሚመለሰው ግን በዚህ ነው።

ጅማ ሆኖ ማቅረብ

አራተኛው መንገድ በብዙዎች ዘንድ እንደ ምርጫ አይቆጠርም፤ እኔ ግን አነስተኛ ለሆነ ድርጅት ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው እላለሁ። የካምፕ ቤት ክፍሎችን፣ የውኃ ታንከሮችን፣ የቧንቧ መደርደሪያዎችን፣ የነዳጅ ታንክ መከለያዎችን በጅማ ሠርቶ ለዋና ተቋራጩ አዲስ አበባ ላይ ማስረከብ ይቻላል። ርክክቡ አዲስ አበባ ላይ ስለሆነ የሩቁ መስክ ስጋት በሙሉ በገዢው ላይ ይወድቃል፤ ክፍያውም በርክክብ ይሆናል። ብየዳው ግን ለቡና ማጠቢያ ገንዳ ከሚሠራው የበለጠ ጥራት ይጠይቃል። የብየዳ ባለሙያው የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀት፣ የብረቱ የፋብሪካ ማረጋገጫና የሥራው ሥዕል አብረው ካልቀረቡ ተቆጣጣሪው አይቀበልም። ለዚህ ሲባል ሦስት ወይም አራት ባለሙያዎችን አስፈትኖ ማስረጃ ማሰጠት አዋጭ ወጪ ነው፤ ማስረጃው በሌሎች ፕሮጀክቶችም ያገለግላል።

ማዕከሉን የት ማድረግ?

ወደ መስኩ ለመሄድ ለወሰነ ድርጅት የሚቀጥለው ምርጫ መጋዘኑንና ጥገናውን የት እንደሚያቋቁም ነው። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ትርቃለች፤ ካሉብ ደግሞ ከአዲስ አበባ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በሺላቦ አካባቢ ነው። ከጅማ የሚላክ ዕቃ አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል ማለት ነው። አዲስ አበባ መለዋወጫ የሚገኝባት፣ ድሬዳዋ በባቡርና በመንገድ ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ የሚያልፍባት፣ ጅግጅጋ ደግሞ የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ያሉባት ናት። ወደ ቀብሪ ደሃርና ጎዴ የአውሮፕላን በረራ አለ።

ዋና ቢሮውን ጅማ አቆይቶ፣ በጅግጅጋ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ በቀብሪ ደሃር ወይም በካምፑ አጠገብ ደግሞ የተቆለፈ ኮንቴይነር መጋዘን ማኖር ከሁሉ የሚሻል ይመስለኛል። የኮንቴይነሩን ጥቅም በአንድ ዕቃ ላሳይ። የክሬን ሃይድሮሊክ ቱቦ ቢፈነዳ ጅማ ላይ ሠራተኛው ቱቦውን ይዞ ከተማው ገበያ ወርዶ ከምሳ በፊት ይመለሳል። ካሉብ ላይ ያው ቱቦ ክሬኑን ለቀናት ያቆመዋል፤ ጥፋቱ የመሣሪያው ባለቤት ስለሆነም ስታንድባይ አይከፈልበትም። ስለዚህ መሣሪያው ከጅማ ከመነሣቱ በፊት እያንዳንዱ ቱቦ ይለካል፣ የውስጥ ስፋቱ፣ ርዝመቱና የጫፉ ጥርስ ዓይነት በመዝገብ ይሰፍራል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንድ አንድ ተጠባባቂ ተሠርቶ ጫፉ ታሽጎ በዚያው ቁጥር ኮንቴይነሩ ውስጥ ይሰቀላል። የዘይት፣ የናፍጣና የአየር ማጣሪያዎችም እንዲሁ፤ የአየር ማጣሪያው ግን ጅማ ከሚለመደው በጣም በዛ ብሎ መጫን አለበት፣ አቧራው ሌላ ነውና።

ጀነሬተርም በተለየ ዓይን መታየት ያስፈልገዋል። ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ጅማ ጀነሬተር ኃይል የሚያጣው አየሩ ስለሚሳሳ ነው፤ በቆላው መስክ ደግሞ የሚያጣው በሙቀት ምክንያት ነው። ጅማ ላይ ጭነቱን በደንብ የተሸከመ ጀነሬተር እዚያ ራዲያተሩ አልበቃ ብሎት ሊዘጋ ይችላል። ሲገዛም ሆነ ሲከራይ ራዲያተሩ እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የአካባቢ ሙቀት የሚችል መሆኑ ይጠየቅ።

የሚጓዙበት ወቅት ላይ አንድ ለጅማ ልዩ የሆነ ችግር አለ። በሶማሌ ክልል ዋናው ዝናብ ጉ በሚባለው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ወቅት፣ ሁለተኛው ደግሞ ዴር በሚባለው በጥቅምትና በኅዳር ይዘንባል። ከባድ ዕቃ ለማጓጓዝ የሚመቸው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው የጂላል ደረቅ ወቅት ነው። ይህ ደግሞ በጅማ የቡና መጫኛ ወቅት ስለሆነ የጭነት መኪና ኪራይ ይወደዳል፣ መኪናም አይገኝም። የራሱ መኪና ያለው ድርጅት በዚህ ወቅት ከቡና የሚያገኘውን ገቢ ከመስኩ ከሚያገኘው ጋር ማስተያየት ይኖርበታል፤ መኪና የሚከራየው ደግሞ ውሉን በክረምት ጨርሶ በጥቅምት መኪናውን ማስያዝ አለበት።

ነዳጅን በተመለከተ የሚያመርተው መስክ ላይ ነን ብሎ መዘናጋት አይገባም። ጀነሬተሩ የሚፈልገው ናፍጣ ነው፤ ናፍጣው ከውጭ ይገባል፣ ዋጋውን መንግሥት ይወስናል፣ ስርጭቱንም የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ይቆጣጠራል። ከማደያ ያለ ፈቃድ በበርሜልና በጀሪካን መቅዳት ክልክል ስለሆነ፣ «ከቀብሪ ደሃር እየቀዳን እንሠራለን» የሚል ዕቅድ ዕቅድ አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው ነዳጁን አሠሪው በካምፑ እንዲያቀርብ በውሉ ማስገባትና የቀን ዋጋውን በዚያው መጠን መቀነስ ነው። ያ ካልሆነ ከነዳጅ አከፋፋይ ኩባንያ ጋር የቀጥታ አቅርቦት ውል ያስፈልጋል።

የሰው ጉዳይ

ሠራተኛን በሙሉ ከጅማ መውሰድ፣ በሙሉ ከአካባቢው መቅጠር፣ ወይም ማደባለቅ ይቻላል። የመጀመሪያው ለጥራት ጥሩ ይመስላል፤ ከአስተናጋጁ ማኅበረሰብ ጋር ግን ያራርቃል፣ በትራንስፖርትና በዕረፍት ወጪም ይከብዳል። ዋና ኦፕሬተሮችና መካኒኮች ከጅማ ሄደው 28 ቀን ሠርተው 28 ቀን እንዲያርፉ፣ ረዳቶች፣ ጥበቃዎች፣ የምግብ ሠራተኞችና ሹፌሮች ደግሞ ከአካባቢው እንዲቀጠሩ ማድረግ ይሻላል። ሶማሊኛ የሚናገር አስተባባሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መኖር አለበት፤ ቅጥሩም በአገር ሽማግሌዎችና በወረዳው በኩል በግልጽ ይካሄድ። ውኃ ከሰዎቹ ጉድጓድ የሚወሰድ ከሆነ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ በዚያ አካባቢ ውኃ የከብትና የሰው ሕይወት ነው።

ደኅንነትን በሚመለከት ዝም ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በአቦሌ የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ ላይ በደረሰው ጥቃት 9 ቻይናውያንን ጨምሮ ከ70 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹ ለዕለት እንጀራቸው የሄዱ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ነበሩ። ጥቃቱን ካደረሰው ከኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር ጋር በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት ተፈርሟል፤ ሁኔታው ዛሬ ከያኔው የተለየ ነው። ቢሆንም ሠራተኛን የሚልክ ድርጅት የሕይወትና የአካል ጉዳት መድን ሳይገባለት አንድም ሰው ከጅማ እንዳይነሣ ማድረግ አለበት፤ የመልቀቂያ ዕቅዱንም፣ ማለትም ችግር ቢፈጠር ሠራተኛው በየት፣ በምን መኪና፣ በማን ትእዛዝ እንደሚወጣ፣ ከዋናው ተቋራጭ በጽሑፍ ተቀብሎ ለሠራተኛው ማስረዳት ይገባዋል። ለቤተሰቡ የሚደውልበት የሳተላይት ስልክ ወይም አስተማማኝ ኔትወርክ መኖሩም ይጠየቅ።

ስለ መውጣት

በውል ድርድር ላይ ሁሉም ስለ መግባት ይነጋገራል፤ የመውጫው ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ ይቀራል። አልሚው ቢለወጥ፣ ሥራው ቢቋረጥ ወይም በሰላም ቢጠናቀቅ፣ መሣሪያውን ወደ ጅማ የመመለሻው ወጪ የማን ነው? ዲሞቢላይዜሽን፣ ማለትም መሣሪያን ነቅሎ መመለስ፣ በውሉ ላይ በቁርጥ ዋጋ ካልሰፈረ መሣሪያው እዚያው በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል፤ ገዢውም በአካባቢው ያለው አንድ ተቋራጭ ብቻ ይሆናል። ውሉ ሥራው ከማለቁ በፊት ቢቋረጥ የመመለሻው ሙሉ ክፍያና ቢያንስ የ30 ቀን ስታንድባይ እንደሚከፈል ይጻፍ። የውል ማስከበሪያ ዋስትናውም የሚያበቃበት ቀን ይኑረው፤ ቀን የሌለው ዋስትና አሠሪው ደብዳቤ እስኪጽፍ ድረስ በባንክ ታስሮ ይቆያል፣ ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው ደግሞ በዚያን ጊዜ ከቦታው ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ካምፑን ከመልቀቁ በፊት የመጨረሻው የክፍያ ምስክር ወረቀት፣ የርክክብ ሰነዱና የሥራ ልምድ ደብዳቤው ማኅተም አርፎባቸው በእጅ መግባታቸውን የሚያረጋግጥ አንድ ሰው ከሠራተኞቹ ሁሉ በኋላ እዚያው ይቆይ፤ የእርሱም ደመወዝ፣ ምግብና የመመለሻ ትኬት ከመጀመሪያው በዋጋው ውስጥ ይታሰብ።